ክኒኑ ከሠራልኝ ችግሩ አለብኝ ማለት ነው?

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደውልልኝ ለበዓል ወይም ገንዘብ ሲያጥረው ነው። ባለፈው ወር ግን በሥራ ቀን፣ ገና በማለዳ ደወለ።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት» አለኝ።

እንዲህ ተብሎ የሚጀመር ወሬ መጨረሻው አያምርም። «እሺ፣ ንገረኝ» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥር ዓመት የሆናት ታናሽ እህቱ የትኩረት ችግር እንዳለባት ሐኪም አረጋግጦ በየጠዋቱ የምትወስደው ክኒን አዞላት ነበር። እህቴ ክኒኑን ለሁለት ወር ያህል ሰጠቻትና ተወችው። «ልጄን ዕፅ አላስለምዳትም» ብላ ዕቃውን እንዳለ ኩሽና ውስጥ፣ ከበርበሬው ጀርባ አስቀመጠችው። ልጁ ለእረፍት ቤት ሲመጣ አየው። ካምፓስ ውስጥ አንዳንድ ጓደኞቹ ለፈተና ሲሉ እንዲህ ያለ ክኒን እንደሚወስዱ ያውቃል። አራት ፍሬ ኪሱ ከትቶ ተመለሰ።

«አንዱን ዋጥኩት። ስምንት ሰዓት ሙሉ ከወንበሬ ሳልነሳ ጻፍኩ። ስልኬን እንኳን አላየሁም! በሕይወቴ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ስለዚህ እኔም እንደ እህቴ ችግሩ አለብኝ ማለት ነው፣ አይደል? ጤነኛ ብሆንማ ያቅበጠብጠኝ ነበር እንጂ አያረጋጋኝም ነበር።»

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ። አንዷ የታዘዘላትን መድኃኒት አትወስድም። ሌላው ያልታዘዘለትን ወስዷል። እናትየው ክኒኑን እንደ ዕፅ ታየዋለች፤ ልጁ ደግሞ እንደ መመርመሪያ አየው። ሁለቱም መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ በትክክል አላወቁም። እኔም ያን ቀን ለልጁ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ «አይ፣ ማለት አይደለም፤ የቀሩትን ሦስቱን አትንካቸው።» ረጅሙን መልስ ዛሬ ለእናንተም ለእሱም እጽፋለሁ።

ቀዥቃዣ፣ ዝንጉ፣ ቀልበ ቢስ

በአማርኛ ስለ ትኩረት የምንናገርባቸው ብዙ ቃላት አሉን። አስተማሪ «ልብ በሉ!» ሲል «አስተውሉ» ማለቱ ነው። ሐሳቡ የተበታተነበት ሰው «ቀልቤን መሰብሰብ አቃተኝ» ይላል። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት የማይችለውን ልጅ «ቀዥቃዣ» እንለዋለን። ዕቃ የሚጥለው፣ የተነገረውን የሚረሳው «ዝንጉ» ይባላል። ሲብስም «ቀልበ ቢስ» ይባላል።

እነዚህ ቃላት የሚናገሩት ስለ ሰው ጠባይ ነው፤ አንዳንዶቹም ስድብ ናቸው። የጤና ችግርን አያመለክቱም። ብዙ ወላጆቻችን ሐኪም «ልጅሽ የትኩረት ችግር አለባት» ሲላቸው «ልጅሽ ባለጌ ናት፣ አላሳደግሻትም» እንደተባሉ የሚሰማቸው ለዚህ ይመስለኛል።

ሐኪሞች ኤዲኤችዲ ብለው የሚጠሩት ችግር ግን ከአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አይደለም። ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በዘር ይወረሳል። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ የአገሪቱ ልጆች መካከል 7 ሚሊዮን ያህሉ፣ ማለትም 11.4 በመቶው፣ በአንድ ወቅት ችግሩ እንዳለባቸው በሐኪም ወይም በጤና ባለሙያ ተነግሯቸዋል።

ባለሙያዎች ይህን የሚሉት በግምት አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የሚመሩበት መጽሐፍ መለኪያዎቹን ዘርዝሯል። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ መሆን አለባቸው። ቢያንስ ለ6 ወር የቆዩ መሆን አለባቸው። በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ መታየት አለባቸው። የሰውየውን ትምህርት፣ ሥራ ወይም ኑሮ በግልጽ የሚያደናቅፉም መሆን አለባቸው። ሐኪሙ ወላጅን ይጠይቃል፣ የአስተማሪን አስተያየት ያነባል፣ እንቅልፍንና ጭንቀትን ይመረምራል።

«አንድ ክኒን ውጦ ማየት» የሚል መለኪያ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለምን እንደሌለ ለመረዳት መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

በአእምሮ ውስጥ የሚሆነው

ለትኩረት ችግር የሚታዘዙት አነቃቂ መድኃኒቶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ሜቲልፌኒዴት ነው፤ ሪታሊንና ኮንሰርታ በሚባሉ ስሞች ይሸጣል። ሁለተኛው የአምፌታሚን ወገን ነው፤ አዴራልና ቫይቫንስ ከዚህ ወገን ናቸው።

የአእምሮ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡት በኬሚካሎች አማካይነት ነው። ከእነዚህ ሁለቱ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ይባላሉ። አንድ ሕዋስ ዶፓሚን ይለቅቃል፣ ጎረቤቱ ሕዋስ መልእክቱን ይቀበላል፤ ከዚያ የለቀቀው ሕዋስ ዶፓሚኑን መልሶ ይሰበስባል። ሜቲልፌኒዴት ይህን የመመለሻ በር ይዘጋል። ስለዚህ ዶፓሚኑ በሕዋሳቱ መካከል ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። አምፌታሚን በሩን ከመዝጋት አልፎ ተጨማሪ ዶፓሚን እንዲወጣ ያደርጋል። ሁለቱም በኖርአድሬናሊን ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ።

ኖርአድሬናሊን ንቁ ያደርገናል። ዶፓሚን ደግሞ ከሚሠራቸው ብዙ ሥራዎች አንዱ፣ «ይህ ነገር ልፋት ይገባዋል» የሚለውን ስሜት መስጠት ነው። የሚያሰለች የቤት ሥራ ድንገት ሊሠራ የሚገባው ነገር ይመስላል። ስልኩ ደግሞ ያን ያህል አይጠራም።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ5,000 በላይ የሆኑ ልጆችን የአእምሮ ምስሎች አጥንተው ውጤቱን አሳትመዋል። አነቃቂ መድኃኒት በወሰዱት ልጆች አእምሮ ውስጥ ለውጡ ጎልቶ የታየው ትኩረትን ይመራሉ በሚባሉት ክፍሎች አልነበረም። የታየው ንቃትንና የሽልማት ስሜትን በሚመሩት ክፍሎች ነው። በቀላል አማርኛ፣ መድኃኒቱ ልጁን ያነቃዋል፣ የያዘውን ሥራም እንዲወደው ያደርጋል። ትኩረቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ደግሞ በታመመ አእምሮ ብቻ አይደለም። ዶፓሚን ሁላችንም አለን።

የሒሳብ ክኒን

ብዙ ሰው የሚያምነው ግን ሌላ ነው። «አነቃቂ መድኃኒት ችግሩ ያለበትን ልጅ ያረጋጋል፣ ጤነኛውን ያቅበጠብጣል» ይባላል። የእህቴ ልጅም የተማመነው በዚህ ነው። ይህ እምነት ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት፣ ከባድ የጠባይ ችግር ያለባቸው ልጆች የሚታከሙበት አንድ ተቋም ነበር። የተቋሙ ሐኪም ቻርልስ ብራድሊ ይባላል። በዚያ ዘመን የልጆቹን ራስ በራጅ ለማየት ከጀርባ አጥንታቸው ፈሳሽ ይወጣ ስለነበር፣ ልጆቹ ከምርመራው በኋላ በከባድ ራስ ምታት ይሠቃዩ ነበር። ብራድሊ ራስ ምታቱን ያስታግስ እንደሆነ ብሎ ቤንዘድሪን የተባለውን አምፌታሚን ሰጣቸው። ለራስ ምታቱ ብዙም አልጠቀመም። አስተማሪዎቹ ግን ያልተጠበቀ ነገር አዩ፤ አንዳንዶቹ ልጆች ትምህርታቸውን በትጋት መሥራት ጀመሩ።

ብራድሊ ከዚያ በኋላ ለ30 ልጆች መድኃኒቱን ሰጥቶ ተከታተላቸው። ከእነሱ 14ቱ በትምህርታቸው በጣም ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አሳዩ። ልጆቹ ራሳቸው «የሒሳብ ክኒን» ይሉት እንደነበር ይነገራል። ብራድሊን ያስገረመው አነቃቂ የሆነ መድኃኒት የሚቅበጠበጡ ልጆችን ዝም ማሰኘቱ ነው። ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች «እነዚህ ልጆች አእምሯቸው የተለየ ስለሆነ መድኃኒቱ በተቃራኒው ይሠራባቸዋል» ብለው አሰቡ።

ነገር ግን ለአርባ ዓመት ያህል አንድ ነገር ሳይፈተን ቆይቶ ነበር። መድኃኒቱን ለጤነኛ ልጆች ሰጥቶ ያየ አልነበረም። ይህን የሠራችው በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ውስጥ ትሠራ የነበረችው ሐኪም ጁዲት ራፖፖርት ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው ጥናት ምንም የትኩረት ችግር የሌለባቸው 14 ወንዶች ልጆች አንድ ጊዜ አምፌታሚን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ወሰዱ። ልጆቹ መድኃኒቱን ሲወስዱ አልቅበጠበጡም። እንዲያውም እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ፣ ትኩረታቸውም ጨመረ። ልክ ችግሩ እንዳለባቸው ልጆች ሆኑ ማለት ነው።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ መልሱን ያገኘው ከዛሬ አርባ ምናምን ዓመት በፊት ነው። ክኒኑ ያረጋጋዋል፣ ያተጋዋልም። እኔንም ያረጋጋኛል፣ ጎረቤቴንም ያረጋጋታል። ክኒኑ መሥራቱ ስለ ክኒኑ ይናገራል እንጂ ስለ በሽታው ምንም አይናገርም።

ጨውና ወጥ

«ታዲያ ሁሉንም የሚረዳ ከሆነ ሁላችንም ለምን አንወስደውም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

እናቶቻችን ወጥ ሲሠሩ አይታችኋል። ጨው ባነሰው ወጥ ውስጥ ቁንጥር ጨው ብትጨምሩ ወጡ ይጣፍጣል። ጨዉ ልክ በሆነው ወጥ ውስጥ ያንኑ ቁንጥር ብትጨምሩ ወጡ ይበላሻል። ጨዉ አንድ ነው፣ ሥራውም አንድ ነው። የተለያየው ወጡ ነው። ዶፓሚንም እንዲሁ ነው፤ ሲያንስም ሲበዛም አእምሮ በደንብ አይሠራም።

ይህን በሻንጣ ምሳሌ ላሳያችሁ። ወደ አገር ቤት ስትሄዱ አየር መንገዱ ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ብቻ ይፈቅዳል እንበል። የአያት ጫማ፣ የአክስት ሽቶ፣ የአጎት ስልክ፣ ለጎረቤት ልጆች ልብስ አለ። ሁሉም አይገባም። የትኞቹን ብትመርጡ ነው ክብደቱ ሳያልፍ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ሻንጣ የምትይዙት? አንዱን ታስገባላችሁ፣ ሌላውን ታወጣላችሁ፣ እንደገና ትመዝናላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የአውስትራሊያው የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት እንዲህ ባለ ጨዋታ ላይ የተመሠረተ ነበር። 40 ጤነኛ ወጣቶች በኮምፒውተር ላይ ዕቃ እየመረጡ ሻንጣ ሞሉ። በተለያየ ቀን ሜቲልፌኒዴት፣ አምፌታሚን፣ ሞዳፊኒል የተባለ ሌላ አነቃቂ መድኃኒት፣ ወይም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወስደው ሞከሩት። መድኃኒት ሲወስዱ የበለጠ ለፉ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ሠሩ፣ ዕቃዎቹን ብዙ ጊዜ አስገቡ፣ አወጡ። ነገር ግን ልፋታቸው እቅድ አልነበረውም፤ በዘፈቀደ ወደ መሥራት አዘነበሉ። የሞሉት ሻንጣ ዋጋም ዝቅ አለ። መድኃኒት ሳይወስዱ ከሌሎቹ ይበልጡ የነበሩት ሰዎች፣ ሲወስዱ ከአማካዩ በታች የመውረድ አዝማሚያ አሳዩ።

ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት 46 ጤነኛ ወጣቶችን በማስታወስ፣ በፈጠራና በማሰብ ችሎታ ፈትነዋቸው ነበር። አዴራል መውሰዳቸው በፈተናዎቹ ውጤት ላይ ያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ወጣቶቹ ግን ከወትሮው የተሻለ እንደሠሩ ያምኑ ነበር።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «ያ ስምንት ሰዓት የጻፍከው ስንት አመጣ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እሱማ...» አለ። «ሦስቱን ሰዓት የፈጀሁት የመጀመሪያውን አንቀጽ ስቀያይር ነው። ቀሪውን ደግሞ አስተማሪዬ ከርዕሱ ወጥተሃል አለችኝ።»

«ሲጻፍ ግን እንዴት ነበር?»

«በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ጽሑፍ መስሎኝ ነበር።»

ሽማግሌዎቻችን የሚያውቁት ምርቃና

ይህ ስሜት ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። ስሙም አለን፤ ምርቃና ይባላል። ጫት የቃመ ሰው ሲመረቅን ንቁ ይሆናል፣ ወሬው ይጥመዋል፣ ሐሳቡ ሁሉ ትልቅ ይመስለዋል። ማታ ሲመረቅን ፋብሪካ የከፈተው ሰው ጠዋት ሲነሳ ኪሱ ባዶ ነው እየተባለ ይቀለዳል። በአገር ቤት ለፈተና ጫት እየቃሙ የሚያድሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉ።

ነገሩ በአጋጣሚ የተመሳሰለ አይደለም። በለጋው የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር በጣም ይቀራረባል፤ እሱም ዶፓሚን እንዲለቀቅ ያደርጋል። ስለዚህ አጎቶቻችሁ ስለ ምርቃና ሲያወሩና ጓደኞቻችሁ ስለ ክኒኑ ሲያወሩ፣ የሚያወሩት ስለ ቅርብ ዘመዳሞች ነው።

ምርቃና ሲያልቅ የሚመጣውንም ሽማግሌዎቹ ያውቁታል፤ ድብርት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት። ክኒኑም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ይህንኑ ያመጣል። አነቃቂ ነገር ብድር ይሰጣል እንጂ እንቅልፍን አይተካም።

ለእናቶችና ለአባቶች

እስካሁን ያልኩትን ሰምታ እህቴ «አየሽ? ዕፅ ነው ብዬ አልነበር!» ልትለኝ ትችላለች። እዚህ ላይ ግን ከእሷ ጋር አልስማማም።

ክኒኑ ተፈጭቶ በአፍንጫ ሲሳብ፣ ዶፓሚን በፍጥነት ይጨምራል። ሱስ የሚያስይዘው በተለይ ይህ ፍጥነት ነው። ሐኪም ያዘዘው ክኒን በአፍ ሲዋጥ፣ በተለይም ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ሆኖ የተዘጋጀው፣ ዶፓሚንን የሚጨምረው ቀስ ብሎ ነው። መጠኑም ለልጁ ተለክቶ ነው የሚሰጠው። በልጅነታቸው መድኃኒቱን በሐኪም ክትትል የወሰዱ ልጆች፣ ችግሩ እያለባቸው ካልወሰዱት ይልቅ በኋላ ሱሰኛ እንደማይሆኑ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል።

ትኩረት ላነሰው ልጅ ደግሞ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። አሥር ዓመቷን የእህቴን ልጅ «ክኒኑን ትወስጂ በነበረ ጊዜ ምን ይሰማሽ ነበር?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ትንሽ አሰበችና «አስተማሪዬ የምትናገረው እስከ መጨረሻው ይሰማኝ ነበር» አለችኝ። ቀጥላም «ምሳዬን ግን አልፈልግም ነበር» አለች።

ሁለቱም እውነት ነው። የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ትንሽ መጨመር የታወቁ የጎን ጉዳቶች ናቸው። በአንዳንድ ልጆች ላይ ቁመትን ጥቂት ሊያዘገይ ይችላል። ሐኪም ልጁን በየጊዜው የሚመዝነውና ቁመቱን የሚለካው ለዚህ ነው። የጎን ጉዳት ሲታይ ወደ ሐኪሙ ተመልሶ መንገር እንጂ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ መተው መፍትሔ አይደለም። መጠኑ ሊቀነስ፣ ሰዓቱ ሊቀየር፣ ወይም በሌላ መድኃኒት ሊተካ ይችላል።

መድኃኒቱ ብቻውን ግን አስተማሪ አይሆንም። የፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 12 ዓመት የሆኑ፣ የትኩረት ችግር ያለባቸው 173 ልጆችን በክረምት ትምህርት ላይ ተከታትለው ነበር። ልጆቹ መድኃኒቱን ሲወስዱ ብዙ የሒሳብ ጥያቄ ሠሩ፣ በክፍል ውስጥም የተሻለ ጠባይ አሳዩ። አዲስ የተማሩትን ትምህርት መጠን ግን መድኃኒቱ አልጨመረውም፤ ሲወስዱም ሳይወስዱም በደህና ትምህርት ያው ተማሩ። መድኃኒቱ ልጁን ከወንበሩ ጋር ያስማማዋል። የሚያስተምረው ግን ጥሩ ትምህርት፣ የሚያግዘውም ታጋሽ ወላጅ ነው።

የሰው ክኒን ለምን አይዋጥም?

አሁን ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። «አንድ ቀን ብቻ፣ ለፈተና ብቻ» የምትሉ ካላችሁ፣ እነዚህን አራት ነገሮች ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ልባችሁን አታውቁትም። ሐኪም መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት የደም ግፊት ይለካል፣ በቤተሰብ ውስጥ የልብ ሕመም ወይም ድንገተኛ ሞት መኖሩን ይጠይቃል። ጓደኛችሁ ይህን አይጠይቃችሁም።

ሁለተኛ፣ ክኒኑ ምን እንደሆነ አታውቁም። በአሜሪካ አዴራል እየመሰሉ በኢንተርኔትና በእጅ የሚሸጡ የውሸት ክኒኖች ተገኝተዋል። በውስጣቸው ሜታምፌታሚን ወይም ፌንታኒል አለ። ፌንታኒል በጣም ጥቂቱ ሰው ይገድላል። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በሐኪም በሚታዘዙ አነቃቂ መድኃኒቶች ሁሉ ላይ የሚጻፈው ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲሻሻል አድርጓል። ማስጠንቀቂያው ያለ አግባብ መውሰድም ለሌላ ሰው ማካፈልም ለሱስና ለሞት ሊያደርስ እንደሚችል ይናገራል።

ሦስተኛ፣ ሕጉ ቀልድ አያውቅም። በአሜሪካ እነዚህ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ክኒኑን ለጓደኛ መስጠት፣ ገንዘብ ባይቀበሉበትም፣ ወንጀል ነው።

አራተኛ፣ ይህ የታዘዘላችሁንም ይመለከታል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትጓዙ ወይም በዚያ የምታልፉ ከሆነ፣ የምትሄዱበትን አገር ሕግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በብዙዎቹ አገሮች እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋሉ፤ አምፌታሚን ያለባቸው ደግሞ ጭራሽ ሊከለከሉ ይችላሉ። የሐኪም ማዘዣ፣ ደብዳቤና መድኃኒቱ የመጣበትን ዕቃ መያዝ ብቻ ሁልጊዜ በቂ አይሆንም። ቤተሰብ ለመጠየቅ ዱባይ ወይም ሪያድ የምትሄዱ ሁሉ ይህን አትርሱ።

ከዚያስ ምን ሆነ?

የእህቴ ልጅ ምስጢሩን እንድጠብቅለት ለምኖኝ ነበር። እኔም አልተናገርኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ራሱ ቤት መጥቶ ሦስቱን ክኒኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እማዬ፣ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። እህቴ መጀመሪያ ተቆጣች። ከዚያ ክኒኖቹን እያየች ቆየችና «እሷ የተከለከለችውን አንተ ወሰድክ» አለች። ያን ቀን ከዚህ በላይ አልተናገረችም።

በሳምንቱ ልጅቷን ይዛ ወደ ሐኪሙ ተመለሰች። ስለ ምሳው ነገር ነገረችው። ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰውና ክኒኑን ከጥሩ ቁርስ በኋላ እንድትሰጣት መከራት። ዕቃው አሁን ከበርበሬው ጀርባ አይደለም፤ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ነው።

ልጁም በካምፓሱ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ ያዘ። ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችው «በሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ብላ ነው። «አራት፣ ሲበዛ አምስት» አላት። በመጀመሪያ እንቅልፉን እንዲያስተካክል፣ ከዚያ ለምርመራው እንዲመለስ ነገረችው። በእሱ ዕድሜ ላለ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልጋል። ችግሩ በእርግጥ ይኑርበት አይኑርበት ገና አልታወቀም። ሊኖርበት ይችላል፤ በዘር ይወረሳል ብያችኋለሁና። የሚታወቀው ግን የልጅነት ታሪኩ ተጠይቆ፣ እናቱ የምታስታውሰው ተሰምቶ ነው። ሁለቱም ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

ከእናንተ መካከል ትኩረቱ ያስቸገረው ካለ፣ ለወላጆቹ በአማርኛ መንገር ሊከብደው ይችላል። እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፤ «እማዬ፣ ሰነፍ ሆኜ አይደለም። ለማጥናት እቀመጣለሁ፣ ቀልቤን መሰብሰብ ግን ያቅተኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ሐኪም ቢያየኝ እወዳለሁ።» አባታችሁም ቢሆን ይህን ሲሰማ «ዕፅ ፈለግክ እንዴ?» ካለ «አይ አባዬ፣ ምክንያቱን ማወቅ ነው የፈለግኩት» በሉት።

ወላጆች ደግሞ መድኃኒት ያለበትን ቦታ ዛሬውኑ ተመልከቱ። ስንት ፍሬ እንደቀረ ቁጠሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።